አሥሩም ጉድጓዱ የተፈለቀቀ ስትሪፕ፦ አዲስ የዕፅ አጠቃቀምን ቀድሞ ማወቅና ምላሽ መስጠት

ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ የተማሪዎች ሽንት ቤት ውስጥ አሥሩም ጉድጓዱ የተፈለቀቀ ባዶ የክኒን ስትሪፕ አገኘች እንበል። የተለመደው ምላሽ ይታወቃል። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ርእሰ መምህሩ ማይክ ይይዛሉ፤ የክኒኑን ስም ይጠራሉ፤ "ይህን ሲወስድ የተገኘ ይባረራል" ይላሉ። እስከዚያ ጠዋት ስሙን ሰምተው የማያውቁ ተማሪዎች ሁሉ ስሙን ይዘው ክፍል ይገባሉ። ይወስዱ የነበሩት ደግሞ ሽንት ቤቱን ትተው ሌላ ጥግ ይፈልጋሉ።

ይህ መመሪያ ለትምህርት ቤት አማካሪዎች፣ ለወጣት ማዕከል ሠራተኞች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና በመከላከል ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሌሎችም ነው። የሚለው ነገር አንድ ነው፦ ከማስተማር በፊት መመዝገብ ይቅደም። ምን እንደሚወሰድ፣ ከምን ጋር እንደሚወሰድ፣ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ የሚሰጥ ትምህርት ሲሻል ጊዜ ማባከን፣ ሲከፋ ማስታወቂያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2004 ለወጣቶች የፀረ ዕፅ የሚዲያ ዘመቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቦ ነበር። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2006 የዘመቻውን ግምገማ መርምሮ የወጣቶችን አጠቃቀም እንደቀነሰ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ገንዘብ አላነሰም፤ ማስፈራራት ራሱ ደካማ መሣሪያ ነው።

አዲስ የሚባለው ምንድን ነው?

አገር ውስጥ ብዙውን ሰው የሚጎዱት ዛሬም አልኮል፣ ጫትና ትንባሆ ናቸው። ይህን የረሳ የመከላከል ሠራተኛ አዲስ ስም በሰማ ቁጥር ይሮጣል። ብዙ ጊዜ አዲስ የሚሆነው ዕፁ ሳይሆን ቅንጅቱ ነው። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ምርቃናውን ለማውረድ ጨብሲ እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቃል፤ ድሮ ቢራ ወይም አረቄ ነበር። በአረቄው ቦታ ወይም ከአረቄው ጋር የሚያስተኛ ክኒን ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጫት የስካርን ስሜት ስለሚሸፍን ሰውየው ምን ያህል እንደወሰደ አይታወቀውም። የጫቱ ኃይል ሲወርድ ግን አልኮሉና ክኒኑ አብረው ትንፋሹን ያዳክሙታል።

በመዝገብዎ ላይ ሊመጡ ከሚችሉት መድኃኒቶች እነዚህን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ ነው፤ በሐኪም ሲታዘዝ የአዋቂ ሰው የቀን ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ 400 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ፣ ወይም ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲደባለቅ፣ እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ሌሎች የኦፒዮይድ መድኃኒቶች (እንደ ሞርፊን ያሉ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች) በዋናነት ትንፋሽ ሲያቆሙ ትራማዶል ሁለቱንም ሊያደርግ ይችላል። ፕሪጋባሊን ለነርቭ ሕመምና ለሚጥል በሽታ የሚታዘዝ ካፕሱል ነው፤ ጣሪያው በቀን 600 ሚሊግራም ሲሆን በመካከለኛው ምሥራቅ "ሊሪካ" በሚለው የንግድ ስሙ ይታወቃል። ብቻውን ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ከትራማዶል ወይም ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ይብሳል። ዳያዚፓምና ክሎናዚፓም የታወቁ ማረጋጊያዎች ናቸው። ትራይሄክሲፈኒዲል፣ በልማዱ አርቴን የሚባለው፣ የአእምሮ ሕሙማን መድኃኒታቸው የሚያመጣባቸውን የጡንቻ መገታተር ለመቀነስ የሚወስዱት ነው፤ ሲበዛ ያስቃዣል፣ አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል።

የጎዳና ልጆች ማስቲሽና ቤንዚን፣ የከተማ ወጣቶች ሺሻና ቬፕ የየራሳቸው ጉዳይ ናቸው፤ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ስም እንዳያታልልዎት። በሴራሊዮን "ኩሽ" የሚባለውን ብዙዎች የካናቢስ ዓይነት አድርገው ያዩት ነበር። ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ማዳ ቢዮ በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ አወጁ። በ2025 ይፋ የሆነ የላቦራቶሪ ምርመራ ከናሙናዎቹ ግማሽ ያህሉ ውስጥ ኒታዚን የተባሉ እጅግ ኃይለኛ ሰው ሠራሽ ኦፒዮይዶችን፣ በሌሎቹ ደግሞ ሰው ሠራሽ ካናቢኖይዶችን (የካናቢስን ስሜት የሚያስመስሉ ኬሚካሎችን) አገኘ። ወደ እኛ የሚቀርብ ምሳሌም አለ። በእስራኤል ጫት በቅጠሉ የተፈቀደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ከጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በ200 ሚሊግራም ካፕሱል ተሞልቶ "ሐጊጋት" በሚል ስም በየኪዮስኩ የተፈጥሮ ማነቃቂያ ተብሎ ይሸጥ ነበር። ሰዎች በልብና በደም ግፊት ችግር ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ታገደ። አያት የሚያውቁት ቅጠል ካፕሱል ውስጥ ሲገባ ያው ቅጠል አይደለም።

መዝገቡ

አንድ ደብተር ይበቃል። ዓምዶቹ፦ ቀን፤ አካባቢ (ቤት ሳይሆን ሰፈር)፤ ምንጩ የጠራበት ስም፤ መልክ፣ ቀለምና በላዩ ያለ ጽሑፍ፤ እንዴትና ከምን ጋር እንደሚወሰድ፤ ዋጋ፤ የምንጩ ዓይነት፤ እና "ሰማ፣ አየ፣ ተረጋገጠ" ከሚሉት አንዱ። የሰው ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር ፈጽሞ አይጻፍም። ደብተሩ ቢጠፋ ማንንም የማያስይዝ መሆን አለበት፤ አለዚያ የሚነግርዎት ሰው አያገኙም።

ዋጋውን አይዝለሉት። ብዙ ሰው "ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ያፍራል እንጂ ከዓምዶቹ ሁሉ ቶሎ የሚናገር እሱ ነው። የአንድ ፍሬ ዋጋ በወር ውስጥ ሲወርድ ብዙ ጊዜ አቅርቦት ጨምሯል ማለት ነው፤ ሲወጣ ደግሞ አንድ መንገድ ተዘግቷል።

ስትሪፑን እንዴት ያንብቡታል? በጓንት ወይም በፕላስቲክ ይዘው ጀርባውን በብርሃን አቅጣጫ ያዙሩት። የመድኃኒቱ ስም፣ የሚሊግራሙ መጠን፣ የባች ቁጥር (በአንድ ዙር አብሮ የተመረተውን የሚለይ)፣ የሚያበቃበት ቀንና የአምራቹ ስም ይኖራል። ፎቶ ያንሱ፣ ይመዝግቡ። ከሁሉ የሚጠቅመው የባች ቁጥሩ ነው፦ ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች የተገኙ ስትሪፖች አንድ ባች ከሆኑ ምንጫቸው አንድ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አምራች ያልተጻፈበት ወይም ፊደሉ የተሳሳተ ከሆነ ኮንትሮባንድ ወይም አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ፍሬ ያለበት ስትሪፕ ካገኙ ግን ቦርሳዎ ውስጥ ከተው አይዙሩ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 መያዝንም ይመለከታል፤ የመከላከል ሠራተኛ መሆን ከሕጉ አያስወጣም። በምስክር ፊት ለኃላፊው ወይም ለጤና ጣቢያው ፋርማሲ ያስረክቡ፣ የርክክብ ወረቀት ይያዙ።

ምንጭ ሲፈልጉ ከፖሊስ አይጀምሩ። የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች፣ የጤና ጣቢያ የድንገተኛ ክፍል ነርሶች፣ ማታ የሚሠሩ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ከሁሉ በላይ ወጣቶቹ ራሳቸው ቀድመው ያውቃሉ። የፖሊስ መረጃ ጠቃሚ ቢሆንም ፖሊስ የሚነግርዎት የተያዘውን ነው፤ የተያዘ ሁሉ የተለመደ አይደለም።

መቼ ነው ወሬ አዝማሚያ የሚሆነው? በሁለት ሳምንት አንዴ ደብተሩን ከፍተው ይቁጠሩ። አንድ ዓይነት ነገር ከሦስት የተለያዩ የምንጭ ዓይነቶች ከመጣ ሥራ ይጀመራል። ሦስት ተማሪዎች አንድ ወሬ ቢነግሩዎት ሦስት ምንጭ አይደለም፤ የሰሙት ከአንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ሊሆን ይችላል። ራሱን የሳተ ወይም የተንቀጠቀጠ ሰው ከመጣ ግን መቁጠር የለም፣ በዚያው ቀን ይነሡ።

መጠይቅ ማድረግ ካስፈለገ አንድ ገጽ፣ አሥር ደቂቃ፣ ስም የሌለው፣ "ባለፉት 30 ቀናት" ብሎ የሚጠይቅ ይሁን። አስተማሪው ከክፍሉ ይውጣ። ሁሉም በአንድ ዓይነት እስክሪብቶ ይጻፍና ወረቀቱ እጥፍ ብሎ ሳጥን ውስጥ ይግባ። ከእውነተኞቹ መሐል በዓለም ላይ የሌለ አንድ የዕፅ ስም ያስገቡ፤ በአውሮፓ በተማሪዎች ላይ የሚካሄዱ ጥናቶችም ይህን ዘዴ ይጠቀሙበታል። "ወስጃለሁ" ብሎ በሌለው ስም ላይ ምልክት ያደረገ ወረቀት ጀብዱ ወይም ቀልድ ስለሆነ ከቆጠራው ይወጣል።

ምላሹን ከምንጩ ይጀምሩ

መዝገቡ ክኒን ካሳየ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ መድኃኒት ቤት ነው፤ ጸጥ ባለ ሰዓት፣ ያለ ደብዳቤና ያለ ካሜራ። "እናንተ ትሸጣላችሁ" ብለው ከገቡ በሩ ለዘለቄታው ተዘጋ። "በዚህ ወር በቀለም ወይም በሚሊግራም ጠርቶ የሚጠይቅ ወጣት በዝቷል? የተባዛ ወይም ቀኑ የተፋቀ ማዘዣ አይታችኋል?" ብለው ይጠይቁ። ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ (የሚያደነዝዙና አእምሮን የሚነኩ) መድኃኒቶች የሚታዘዙት በልዩ ማዘዣ ወረቀት ነው፤ ፎቶኮፒ ወይም ተራ ወረቀት ሲመጣ ምልክቱ ራሱ ነው። ካሳመኑ በኋላ ሦስት ነገር ይስማሙ፦ እነዚህ መድኃኒቶች ከእይታ ይራቁ፣ የተከለከሉ ጥያቄዎች ቁጥር በቀን ይያዝ፣ ሲከለከል ሳይሰደብ ይከልከል። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ቤት እንዳለ ከተረጋገጠ ጉዳዩ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወይም የክፍለ ከተማው ተቆጣጣሪ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የነርቭ ሕመምተኛ፣ የካንሰር ሕመምተኛ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እነዚህን መድኃኒቶች በትክክል ይፈልጋቸዋል። ፋርማሲስቶቹን ከመጠን በላይ ካስፈራሩ "የለም" ማለት ይቀላቸዋል፤ ማዘዣ ይዞ የሚንከራተተውም ታማሚው ይሆናል።

በሺሻና በቬፕ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሁለቱንም መሸጥ ይከለክላል፤ ትንባሆም ሆነ አልኮል ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም። ችግሩ አፈጻጸም ላይ ነው። ድንገተኛ ፍተሻ ብቻውን ሲደረግ ሺሻው ከቤቱ ወደ ግለሰብ ሳሎን ይገባል፣ በሩና መስኮቱ ይዘጋል፣ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይከማቻል። ስለዚህ ፍተሻ ሲታቀድ ወጣቶቹ በዚያ ሰዓት የት እንደሚሄዱ አብሮ ይታቀድ፦ ሜዳው መብራት አለው? ማዕከሉ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው? ከቀኑ 11 ሰዓት የሚዘጋ የወጣት ማዕከል ለሥራ አጥ ወጣት የለም ማለት ነው።

ክፍል ውስጥ

የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና ወንጀል መከላከያ ጽሕፈት ቤትና የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ዓለም አቀፍ የመከላከል መለኪያ ሁለተኛ እትም የማይሠሩትንም ይገልጻል፦ የአንድ ቀን ንግግር፣ የማስፈራሪያ ፎቶ፣ የቀድሞ ሱሰኛ ምስክርነት። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አይቀበለውም፤ አዳራሹ ያለቅሳልና። ታዳጊው ግን "እሱም ገብቶ ወጥቷል፣ አሁን ማይክ ይዟል" የሚል ትምህርት ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የሚሠራው ተከታታይና ልምምድ ያለበት ነው። በአውሮፓ ተዘጋጅቶ ናይጄሪያ ውስጥም የተሞከረው "አንፕለግድ" የተባለ ሥርዓት 12 ክፍለ ጊዜ አለው፤ አብዛኛው ጊዜ የሚውለው ውሳኔ በመወሰንና እምቢ በማለት ላይ እንጂ ዕፅ በመዘርዘር ላይ አይደለም። ወደ እኛ ሲመጣ የሚያስቸግረው ይሉኝታ ነው። "አይሆንም በል" የሚለው ፖስተር "በሞቴ! አንዲት ቀንበጥ" ብሎ ለሚያጎርስ ጓደኛ መልስ የለውም። ስለዚህ ልምምዱ በራሳችን አነጋገር ይሁን። ሁለት ተማሪ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ሦስት ጊዜ ይለምናል፣ ሦስተኛው ላይ "በሞቴ" ይላል። ሌላው ጓደኛውን ሳይሰድብ፣ ውሸት ሳይጨምር፣ ሦስት ጊዜ ይመልሳል፦ "አይ፣ አልወስድም"፤ "ትወደኛለህ፣ አውቃለሁ፤ ግን አልወስድም"፤ "ኧረ አትሙትብኝ! ተነሣ፣ ሻይ ልጋብዝህ።" ሰበብ አያስተምሩ። "ፈተና አለብኝ" ያለ ልጅ ከፈተና በኋላ ይጠየቃል።

ሌላው ጠቃሚ ሥራ የተጋነነ ግምትን ማረም ነው። ተማሪዎች "ሁሉም ይወስዳል" ብለው ያምናሉ። "ከ50 ተማሪ ስንቱ ይመስላችኋል?" ብለው ግምታቸውን ይሰብስቡና ከመጠይቁ ውጤት ጋር ያሳዩአቸው። ነገር ግን ውጤቱን አስቀድመው ይዩት። በዚያ ክፍል አጠቃቀሙ በእርግጥ ከፍ ያለ ከሆነ መልመጃው ተገልብጦ ይጎዳል፤ የመላውን ትምህርት ቤት ቁጥር ይጠቀሙ ወይም ይተዉት። በተመሳሳይ ምክንያት "ችግር ያለባቸውን" ልጆች ለብቻ መርጠው አንድ ክበብ አያድርጓቸው፤ እርስ በርስ ይማማራሉ። በሰፊ ቡድን ውስጥ ይበተኑ።

ለወላጆች የሚሰጠው አጭር ነው። በቤት ያለ መድኃኒት ይቆለፍ ወይም ይቆጠር፤ ለልጁ ከመድኃኒት ቤት ይልቅ የአያት የእንቅልፍ ክኒን ቅርብ ነው። ልጁ ማምሻውን ከማን ጋር እንደሆነ ይታወቅ። ኪስ ፍተሻው ከልጁ ጋር ከመነጋገር አይቅደም።

ማስቲሽ የሚስብ ልጅ ሲገጥምዎት

አይጩኹ፣ አያባርሩ፣ ጠርሙሱን ከእጁ አይንጠቁ። በማስቲሽ ውስጥ እንዳለው ቶሉይን ያለ ኬሚካል ልብን ለአድሬናሊን እጅግ ስስ ያደርገዋል። ልጁ በዚያ ቅጽበት ደንግጦ ከሮጠ ልቡ ምቱ ተዛብቶ ድንገት ሊቆም ይችላል፤ በመጀመሪያ ሙከራውም ቢሆን። ዝቅ ብለው ይቀመጡ፣ በቀስታ ያነጋግሩ፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት እንዲመጣ ይጋብዙ። ልጆቹ የሚስቡት ረሃብና ብርድ ለመርሳት ስለሆነ ከምክር በፊት ምግብና ማደሪያ ይቀድማል። ከአካባቢው ጫማ ሰፊዎችና ባለሱቆች ጋር በትንንሽ ጠርሙስ እየቀዱ ለሕፃናት እንዳይሸጡ መስማማት ርካሽና ፈጣን እርምጃ ነው።

ራሱን የሳተ ሰው

ሁለት ነገር ይዩ፦ ይተነፍሳል? ይንቀጠቀጣል? ትንፋሹ ዘገምተኛ ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሲጠሩት ካልነቃ 907 ወይም የአካባቢውን አምቡላንስ ይጥሩ። ትንፋሽ ከሌለ ወይም ሊቆም ከሆነ አገጩን ቀና አድርገው አፍንጫውን ይዝጉና በየ5 እስከ 6 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ በአፉ ይስጡ፤ የልብ ምት ከሌለ ደረት ይጫኑ። እየተነፈሰ ካልነቃ በጎኑ ያስተኙት፣ ትውከቱ እንዳያንቀው። ከተንቀጠቀጠ ዙሪያውን ያጽዱ፣ ጭንቅላቱ ሥር ልብስ ያድርጉ፣ ሰዓት ይያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ አደገኛ ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ ማስገባት፣ ወተት መጋት፣ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት የለም። በተለይ ወተቱ፣ ባልነቃ ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል። ስትሪፑን ከታማሚው ጋር ይላኩ።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሐበሻ ማኅበረሰብ ጋር ለሚሠሩ የሚጨመር አለ። ከመንገድ ወይም በስናፕቻት የተገዛ ክኒን ፌንታኒል (እጅግ ኃይለኛ ሰው ሠራሽ ኦፒዮይድ) ሊሆን ይችላል፤ የኦፒዮይድን ኃይል የሚቀለብሰው ናሎክሶን 4 ሚሊግራም የአፍንጫ ስፕሬይ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። በአንድ አፍንጫ አንድ ይነፋል፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ካልነቃ ሁለተኛው በሌላው አፍንጫ። 911 ይደወላል፣ የናሎክሶኑ ኃይል ሲያልቅ ዳግም ራሱን ሊስት ስለሚችል ብቻውን አይተውም። ዛይላዚን (የእንስሳት ማደንዘዣ) የተቀላቀለበት ከሆነ ትንፋሹ ተመልሶም ላይነቃ ይችላል፤ ያኔ ትንፋሹን እንጂ መንቃቱን አይጠብቁ። የፌንታኒል መመርመሪያ ወረቀት ኒታዚንን አያሳይም። እናቶች ስፕሬዩን ቤት ማስቀመጥ "ልጄ ሱሰኛ ነው ይባልብኛል" ብለው ይሸሻሉ። ከእሳት ማጥፊያው ጎን አስቀምጡት ቢባሉ ይቀበላሉ።

ወደ ሕክምና መላክ

ሰውየው በዕፅ ምን ያህል እንደተጋለጠ የሚለካው የዓለም ጤና ድርጅት "አሲስት" የተባለው መጠይቅ 8 ጥያቄ ነው። ለእያንዳንዱ ዕፅ ከ0 እስከ 3 ዝቅተኛ፣ ከ4 እስከ 26 መካከለኛ፣ 27ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ተጋላጭነት ነው፤ ለአልኮል ብቻ ዝቅተኛው እስከ 10 ይደርሳል። መካከለኛ ላይ ያለ ሰው ውጤቱን አሳይቶ ከ3 እስከ 15 ደቂቃ በመነጋገር ሊለወጥ ይችላል። ከፍተኛው ወደ ጤና ጣቢያ፣ አዲስ አበባ ከሆነ እንደ አማኑኤል ወዳሉ የአእምሮ ሕክምና ተቋማት ይላካል።

"ከዛሬ ጀምሮ አቁም" አይበሉ። ዳያዚፓም፣ ክሎናዚፓም ወይም አልኮል ለረጅም ጊዜ በብዛት የወሰደ ሰው ድንገት ሲያቆም በመንቀጥቀጥ ሊሞት ይችላል። ፕሪጋባሊንም ቢያንስ በአንድ ሳምንት እየተቀነሰ ነው የሚቆመው፣ በሐኪም። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ሌሊቱን ይዞ ጸበል ይሄዳል። የሚያሰጋው ጸበሉ ሳይሆን ድንገተኛ ማቋረጡ ነው። ከአጥማቂ አባቶች ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ "መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ" እንዲሉ ማድረግ ከአሥር ፖስተር ይበልጣል።

ከስምንት ሳምንት በኋላ

ደብተሩን መልሰው ይክፈቱ። የስትሪፑ ቁጥር ቀንሶ የፍሬው ዋጋ ከወጣ መንገዱ ጠቧል። ቁጥሩ ቀንሶ ዋጋው ካልተነቃነቀ ምናልባት የጽዳት ሠራተኛዋ ተቀይራለች፤ ጠይቁ። የዚያ ክኒን መስመር ጠፍቶ ከሥሩ ሌላ ቀለም፣ ሌላ ሚሊግራም መታየት ከጀመረ ደግሞ ፍላጎቱ አለ፣ ዕፁ ብቻ ተቀይሯል። አዲስ ገጽ ይግለጡና ከቀኑ ይጀምሩ።